ሊኑክስ ጭናችሁ ኔትወርክ ካርዱ እምቢ ሲል፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ኡቡንቱ ወይ ሚንት ወይ ካሊ ጭኖ ዋይፋይ ያጣ ሰው ሁሉ ሚያወራው ወሬ ተመሳሳይ ነው፣ ግማሹ ደግሞ ልክ አይደለም። ከዛ ያንን ወሬ ይዞ ሲስተሙን ደጋግሞ ይጭናል፣ ዲስትሮ (የሊኑክስ አይነት) ይቀይራል፣ መጨረሻ ላይ "ሊኑክስ ለኛ አይሆንም" ብሎ ወደ ዊንዶውስ ይመለሳል። ብዙ ጊዜ ግን ነገሩ የደቂቃዎች ስራ ነው፣ ካርዱ የት ጋ እንደቆመ ካወቃችሁ።

"ሊኑክስ ካርዴን አቃጠለው"

ኧረ አላቃጠለውም። መጀመሪያ ሲስተሙ ካርዱን ያየዋል ወይስ አያየውም ሚለውን ለዩ። ተርሚናል ክፈቱና ኤልኤስፒሲአይ በሉ፣ ክፍተት ሰጥታችሁ ደግሞ ሰረዝ ኤንኤንኬ (እኔ እንደሚነበበው ነው ምፅፈው፣ እናንተ በእንግሊዝኛ ፊደል ነው ምትታይፑት)። የዩኤስቢ ካርድ ከሆነ ኤልኤስዩኤስቢ ነው። መአት መስመር ይዘረገፋል፣ አትደንግጡ፣ ኔትወርክ ኮንትሮለር ወይም ኢተርኔት ኮንትሮለር ሚለውን ብቻ ፈልጉ። እዛ መስመር ላይ በቅንፍ ውስጥ በሁለት ነጥብ የተለያዩ ሁለት ቁጥሮች አሉ፣ የመጀመሪያው ቺፑን የሰራውን ነው ሚነግራችሁ፦ 8086 ከሆነ ኢንቴል፣ 10ኢሲ ከሆነ ሪያልቴክ፣ 14ኢ4 ብሮድኮም፣ 168ሲ አቴሮስ፣ 14ሲ3 ሚዲያቴክ። እርዳታ ስትጠይቁ "ላፕቶፔ ኤችፒ ነው" አትበሉ፣ እሱ ምንም አይጠቅምም፣ አንድ አይነት ኤችፒ ውስጥ የተለያየ ካርድ ሊኖር ይችላል፣ ሁለቱን ቁጥሮች ስጡ።

ከዛ ከስሩ "ከርነል ድራይቨር ኢን ዩዝ" ሚል መስመር አለ ወይ? ካለ ድራይቨር (ሲስተሙን ከካርዱ ጋር ሚያግባባው ፕሮግራም) ይዞታል፣ ችግሩ ከዛ በኋላ ነው። ከሌለ ካርዱ አለ ግን የያዘው ድራይቨር የለም። ካርዱ ጭራሽ ዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ ነው ስለ ሃርድዌር ማውራት ምትጀምሩት፣ ባዮስ (ኮምፒውተሩ ገና ሲነሳ ሚከፈተው ሴቲንግ) ላይ ተዘግቶ ሊሆን ይችላል፣ ወይም ላፕቶፑ ለጥገና ተፈትቶ ካርዱ በደንብ ሳይገባ ተገጥሞ ሊሆን ይችላል።

"ድራይቨሩን ከካምፓኒው ሳይት አውርጄ እጭነዋለሁ"

የዊንዶውስ ልማድ ነው፣ አይፈረድም። ግን የወረደው ኢኤክስኢ ፋይል ሊኑክስ ላይ ለዚህ ስራ ጥቅም የለውም። እዚህ ድራይቨሩ በአብዛኛው ከርነሉ (የሊኑክስ ዋናው እምብርት) ውስጥ አብሮ ነው ሚመጣው፣ ስለዚህ ጥያቄው "ድራይቨሩ የት ይገኛል" ሳይሆን "ከርነሌ ስንት አመቱ ነው" ነው። ለምሳሌ ርካሽ ላፕቶፖች ላይ በብዛት ሚገኘው ሪያልቴክ 8821ሲኢ ከርነል ውስጥ የገባው በ5.9 ነው፣ 2020 መጨረሻ አካባቢ። 8852ቢኢ ሚባለው ደግሞ በ6.2 ነው፣ 2023 መጀመሪያ። አሁን አስቡት፣ ከጓደኛችሁ ፍላሽ ላይ የተገለበጠ ኡቡንቱ 20.04 አላችሁ፣ እሱ መጀመሪያ ሲወጣ ይዞት የመጣው 5.4ን ነው፣ ላፕቶፑ ደግሞ አዲስ። ዋይፋዩ ከየት ይምጣ? ሲስተሙ ሲሰራ ካርዱ ገና አይታወቅም ነበር እኮ። በዚህ ጊዜ አዲስ አይኤስኦ (የሊኑክሱ መጫኛ ፋይል) ማውረድ ከጊትሀብ ኮድ እያመጡ ኮምፓይል ከማድረግ ሺ ጊዜ ይሻላል። ዩኔም ሰረዝ አር ብትሉ ያላችሁበትን ከርነል ያሳያችኋል።

ድሮ ኤንዲአይኤስራፐር ሚባል ነገር ነበር፣ የዊንዶውስ ኤክስፒ ድራይቨር ሊኑክስ ላይ ለማስኬድ፣ እስካሁን እሱን ሚያስተምሩ ፅሁፎች አሉ። እለፏቸው።

"ድራይቨር ካለ አለቀ"

አላለቀም፣ ፈርምዌር ሚባል ነገር አለ፣ ብዙ ሰው ሚጣበቀውም እዚህ ጋ ነው። ድራይቨሩ ከርነሉ ውስጥ ያለው ነው፣ ፈርምዌሩ ደግሞ ካርዱ ራሱ ላይ ሚሰራ ፕሮግራም ነው፣ አብዛኛው የዋይፋይ ካርድ ፈርምዌሩን ውስጡ ስለማያስቀምጥ ኮምፒውተሩ በተነሳ ቁጥር ድራይቨሩ ከዲስክ አንብቦ ካርዱ ላይ ይጭንለታል። ፋይሉ ከሌለ ድራይቨሩ ካርዱን ይዞ እንደተቀመጠ ይቀራል፣ እናንተ ምታዩት "ዋይፋይ አዳፕተር አልተገኘም" ሚል ነገር ነው።

እንዴት ታውቃላችሁ? ሱዶ ዲሜሴጅ በሉና (ሲፃፍ ዲ ኤም ኢ ኤስ ጂ ነው) ውስጡ ፈርምዌር ሚለውን ቃል ፈልጉ። "ፌልድ ቱ ሎድ" ካለና ጎኑ ኤረር -2 ካለ ፋይሉን ፈልጎ አጥቶታል ማለት ነው፣ -2 ትርጉሙ ያው "እንደዚህ ሚባል ፋይል የለም" ነው። የፋይሉንም ስም እዛው ይነግራችኋል፣ ምን ይሁንላችሁ ከዚህ በላይ! ሊብ ሚለው ፎልደር ውስጥ ፈርምዌር ሚል ፎልደር አለ፣ እዛ ነው መግባት ያለበት። ኡቡንቱ ላይ ሊኑክስ-ፈርምዌር ሚባለው ፓኬጅ ነው ሚይዘው። ዴቢያን ግን በየአምራቹ ከፍሎታል፣ ፈርምዌር-አይደብሊውኤልዋይፋይ ለኢንቴል፣ ፈርምዌር-ሪያልቴክ ለሪያልቴክ። የዴቢያን ሰዎች ነፃ ያልሆነ ፈርምዌር ዋናው መጫኛ ላይ ለረጅም ጊዜ አያስገቡም ነበር፣ በ2022 ድምፅ ሰጥተው ቀየሩት፣ ከዴቢያን 12 ጀምሮ (2023) አብሮ ይመጣል። ስለዚህ "ዴቢያን ዋይፋይ አይሰራለትም" ሚለው ወሬ ድሮ እውነት ነበር፣ አሁን ግን ጊዜው አልፎበታል።

"ኢንተርኔት ለማግኘት ድራይቨር፣ ድራይቨር ለማግኘት ኢንተርኔት"

ይሄ ዙሪያ ጥምጥም ሰውን ተስፋ ሚያስቆርጥ ነው፣ ግን መውጫው ኪሳችሁ ውስጥ አለ። አንድሮይድ ስልካችሁን በዩኤስቢ ገመድ ሰክታችሁ ከሴቲንግ ዩኤስቢ ቴዘሪንግ ሚለውን አብሩት፣ ሊኑክስ እንደ ባለ ገመድ ኔትወርክ ካርድ ነው ሚያየው፣ ምንም ሚጫን ነገር የለም። አንዳንድ ገመድ ቻርጅ ብቻ ነው ሚያደርገው፣ ስልኩ ቴዘሪንጉን አላበራም ካላችሁ ገመድ ቀይሩ። የኢንተርኔት ፓኬጅ እንዳይበላባችሁ ደግሞ ስልኩን ዋይፋይ ላይ አድርጋችሁ መሰካት ትችላላችሁ፣ የዋይፋዩን ኢንተርኔት በገመዱ ያሳልፈዋል። ይሄን ብዙ ሰው አያውቅም። በሞባይል ዳታ ከሆነ ግን ተጠንቀቁ፣ የኡቡንቱው ሊኑክስ-ፈርምዌር ከ100 ሜጋባይት በላይ ነው፣ አፕዴት ሙሉ በሙሉ ከፈቀዳችሁለት የሳምንቱን ፓኬጅ ምሳ ሳይደርስ ይጨርሰዋል።

"ያለ ኤረር ተጭኗል፣ ስለዚህ ይሰራል"

ብሮድኮም ያላቸው ሰዎች፣ ይሄ ለናንተ ነው። ዋናው የብሮድኮም ድራይቨር ለብቻው ሚጫን ነው፣ ኡቡንቱ ላይ አዲሽናል ድራይቨርስ ሚለው ውስጥ ታገኙታላችሁ፣ ትጭናላችሁ፣ ሁሉም ነገር ሰላም ይላል፣ ሪስታርት ስታደርጉ ግን ዋይፋይ የለም። ለምን? ሴኪዩር ቡት። ባዮስ ላይ እሱ በርቶ ከሆነ ከርነሉ ያልተፈረመበትን ድራይቨር አያስገባም። ሞድፕሮብ ብላችሁ በእጅ ልትጭኑት ስትሞክሩ "ኪ ዋዝ ሪጀክትድ ባይ ሰርቪስ" ይላችኋል።

ስትጭኑ ግን ፓስወርድ አስገቡ ብሏችሁ ነበር አይደል? ከዛ ሪስታርት ስታደርጉ ሰማያዊ ስክሪን መጣ፣ ብዙ ሰው እዚህ ጋ ቫይረስ ወይ ብልሽት መስሎት ኮምፒውተሩን ያጠፋዋል፣ ወይ ደግሞ ቆሞ ሲያይ ቆጠራው ያልቅና ዝም ብሎ ይነሳል። እሱ ስክሪን ነው ቁልፉ። ቆጠራው ሳያልቅ አንድ ቁልፍ ንኩ፣ ኢንሮል ሞክ ሚለውን ምረጡ፣ ኮንቲኒው፣ የስ፣ ያቺን ፓስወርድ አስገቡ፣ ሪቡት። ካመለጣችሁ ፓኬጁን አጥፍታችሁ እንደገና ጫኑት፣ ካልሆነም ሴኪዩር ቡቱን ከባዮስ ማጥፋት ይቻላል፣ ቢትሎከር (ዲስኩን ሚቆልፈው) ያለው ዊንዶውስ አብሮ ካለ ግን ሪከቨሪ ኪውን መጀመሪያ ያዙ፣ አለዚያ ከዋይፋይ የባሰ ጣጣ ነው ሚመጣው።

እንዲህ ለብቻው የተጫነ ድራይቨር ከከርነል አፕዴት በኋላም ሊጠፋ ይችላል፣ ለአዲሱ ከርነል እንደገና መገንባት ስላለበት። የከርነል ሄደር ፓኬጅ ካለ ዲኬኤምኤስ ሚባለው ፕሮግራም ራሱ ይገነባዋል። እስኪስተካከል ግሩብ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ ሚመጣው መምረጫ) ላይ አድቫንስድ ኦፕሽንስ ገብታችሁ በድሮው ከርነል ተነሱ።

"ኢቲኤች0 የለም፣ ካርዴ ጠፍቷል"

አልጠፋም፣ ስሙ ነው የተቀየረው፣ ኢቲኤች0 ድሮ ለባለ ገመድ ካርድ ሚሰጥ ስም ነው። ከ2013 ወዲህ ሲስተምዲ (ሊኑክስ ሲነሳ ሌላውን ሁሉ ሚያስነሳው ፕሮግራም) ስሙን ካርዱ ካለበት ቦታ ነው ሚያወጣው፣ ኢኤንፒ3ኤስ0 ካለ ባስ 3 ስሎት 0 ላይ ያለ ባለ ገመድ ካርድ ነው፣ በደብሊውኤል ከጀመረ ገመድ አልባ። የድሮ ቱቶሪያል ስትከተሉ ስሙን በራሳችሁ ቀይሩት፣ አይፒ ሊንክ ብትሉ ይዘረዝርላችኋል።

"ዊንዶውስ ላይ ይሰራል፣ ስለዚህ ጥፋቱ የሊኑክስ ነው"

ሁለቱ ጎን ለጎን ሲጫኑ አንዳንዴ ጥፋተኛው ዊንዶውስ ነው። ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ ፋስት ስታርትአፕ ሚባል ነገር አለ፣ ሻት ዳውን ስትሉት በደንብ አይዘጋም፣ ግማሹን ሃይበርኔት አድርጎ ነው ሚተኛው፣ ካርዱንም በተኛበት ሊተወው ይችላል። ምልክቱን ልንገራችሁ፦ ዊንዶውስን ሻት ዳውን አድርጋችሁ ሊኑክስ ስትከፍቱ ካርዱ አይሰራም፣ ከዊንዶውስ ሪስታርት ብላችሁ ስትገቡ ግን ይሰራል፣ ምክንያቱም ሪስታርት በትክክል ነው ሚዘጋው። ዊንዶውስ ላይ አድሚን ሆናችሁ ኮማንድ ፕሮምፕት ላይ ፓወርሲኤፍጂ ስላሽ ኤች ኦፍ ካላችሁ ይጠፋል። ባለ ገመድ ሪያልቴክ ላይ ደግሞ የሶኬቱ መብራት ጭራሽ ማይበራበት ጊዜ አለ፣ የዊንዶውሱ ድራይቨር ሲዘጋ ካርዱን አጥፍቶት ሲሄድ፣ እዛው ድራይቨር ሴቲንግ ውስጥ ዌክ ኦን ላን ሚለውን ሲያበሩት ይስተካከላል።

ዋይፋዩ ተዘግቶ እንደሆነ ሚያሳየውን አርኤፍኪል ሊስት ሚለውንም ኮማንድ አትርሱ። ሶፍት ብሎክድ የስ ካለ አርኤፍኪል አንብሎክ ኦል ይበቃል፣ ሃርድ ብሎክድ ካለ ግን ምንም ኮማንድ አይፈታውም፣ የዋይፋይ ቁልፉን ኪቦርዱ ወይ ጎኑ ላይ ፈልጉ።

"ካሊ ላይ ዋይፋዬ አይታይም፣ ካርዴ አይደገፍም"

በቨርቿል ቦክስ (ኮምፒውተራችሁ ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር አስመስሎ ሚያስነሳ ፕሮግራም) ነው የጫናችሁት? እንግዲያው ልክ ነው፣ አይታይም፣ መታየትም የለበትም። ቨርቿል ማሺኑ የላፕቶፑን ዋይፋይ ካርድ በጭራሽ አያገኘውም፣ ሚሰጠው የውሸት ባለ ገመድ ካርድ ነው፣ አይፒያችሁ 10.0.2.15 ከሆነ እሱን ነው ምታዩት። ኢንተርኔት ከሰራ ሁሉም ሰላም ነው። የዋይፋይ ላብ (ልምምድ) ለመስራት ከሆነ የዩኤስቢ ካርድ ሰክታችሁ ለማሺኑ ማሳለፍ አለባችሁ፣ ሌላ መንገድ የለም።

"ሲግናሉ ደካማ ነው፣ ሊኑክስ ዋይፋይ ላይ ደካማ ስለሆነ"

ኤችፒ ላፕቶፕ ከሪያልቴክ 8723ቢኢ ጋር ከሆነ ይሄን ያዙ። አንዳንዶቹ ላይ የተገጠመው አንቴና አንድ ብቻ ነው፣ ድራይቨሩ ደግሞ ባዶውን መሰኪያ ይመርጣል፣ ራውተሩ አጠገብ ስትቀመጡ ይይዛል፣ ሁለት እርምጃ ስትርቁ ይጠፋል። ድራይቨሩን በሞድፕሮብ ስትጭኑ ኤኤንቲ አንደርስኮር ኤስኢኤል እኩል 2 ሚል ኦፕሽን ስጡት፣ ካልሆነ 1 ሞክሩ።

"ዶንግል ልግዛና ልገላገል"

ይቻላል፣ ግን ዶንግል (ዩኤስቢ ላይ ሚሰካ ትንሽ የዋይፋይ ካርድ) ዝም ብላችሁ አትግዙ። አንዳንድ ርካሽ ሪያልቴክ ዶንግል ስትሰኩት ኔትወርክ ካርድ ሳይሆን ሲዲ ሆኖ ነው ሚታየው፣ የዊንዶውስ ድራይቨሩን ውስጡ ይዞ። ኤልኤስዩኤስቢ ላይ 0ቢዲኤ፡1ኤ2ቢ ካያችሁ እሱ ነው፣ ሲዲውን ኢጀክት አድርጉት፣ ወይ ዩኤስቢ-ሞድስዊች ጫኑ፣ ከዛ በኋላ ነው እውነተኛ ማንነቱ ሚወጣው። የውስጥ ካርድ ለመቀየር ያሰባችሁ ደግሞ ኢንቴል ኤኤክስ201 እና 211 ላይ ተጠንቀቁ፣ የስራቸው ግማሽ ያለው የኢንቴሉ ፕሮሰሰርና ቺፕሴት ውስጥ ስለሆነ ኤኤምዲ ላፕቶፕ ላይ ቢገጠሙም አይሰሩም፣ 200 እና 210 ናቸው ለብቻቸው ሚሰሩት። ለዩኤስቢ ሚዲያቴክ 7612ዩ ወይም አቴሮስ 9271 ከርነሉ ውስጥ ድራይቨር አላቸው (አቴሮሱ 5 ጊጋኸርዝ አይችልም)። ሻጩ የቺፑን ስም ካላወቀ፣ ብዙ ጊዜም አያውቅም፣ ላይቭ ፍላሽ (ሳይጫን ከፍላሹ ሚነሳ ሊኑክስ) ያለበት ላፕቶፕ ይዛችሁ ሂዱና ብሩን ከመክፈላችሁ በፊት እዛው ሱቁ ውስጥ ሰክታችሁ እዩት።