ከጀሪካን እስከ ማንቆርቆሪያ፦ በአዲስ አበባ ዳርቻ የመጠጥ ውሃን ከማይክሮፕላስቲክ ማጥራት

ማይክሮፕላስቲክ ከ5 ሚሊሜትር የሚያንስ የፕላስቲክ ቅንጣት ነው። አብዛኛው በዓይን አይታይም። ከፌስታል፣ ከሃይላንድ፣ ከልብስ ክርና ከመኪና ጎማ እየተፈረፈረ ወንዝና ግድብ ውስጥ ይገባል።

አዲስ አበባ ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድቦች፣ ከአቃቂ ጉድጓዶችም ትጠጣለች። የግድብ ውሃ ሲጣራ አሉም ይጨመርበታል። ደቃቁ ጭቃ ተያይዞ ይዘቅጣል፤ ፕላስቲኩም አብሮት ይወርዳል። ከተረፈው ብዙውን አሸዋ ያስቀረዋል። ክሎሪን ግን ጀርም ይገድላል እንጂ ፕላስቲክ አይነካም። ውሃ አጋርም ያው ነው።

በከተማዋ ዳርቻ ነገሩ ቧንቧው ላይ አያበቃም። በብዙ ሰፈር ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። ስለዚህ ሮቶ አለ፣ የጀሪካን ሰልፍ አለ። ጀሪካን ሲሰነብት ውስጡ አረንጓዴ ይይዛል። ያኔ ጠጠርና ትንሽ ውሃ ጨምረን እንንጠዋለን። ሙልጭ ብሎ ይጸዳል። ግን ጠጠሩ የፕላስቲኩን ግድግዳም ይፍቀዋል። አሮጌ ጀሪካን ቀድዳችሁ ውስጡን ብታዩት ጭረት በጭረት ነው። እኔ ማጣሪያ ከመግዛት በፊት ይህን መተው ይቀድማል እላለሁ። ለብ ባለ ውሃና በሳሙና ደጋግሞ ማለቅለቅ፣ ፀሐይ ላይ አለማዋል፣ የሚጠጣውን በእንስራ ወይም በብረት ዕቃ ማስቀመጥ ይሻላል።

የታሸገ ውሃም ማምለጫ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2024 የኒውዮርኩ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አሜሪካ ውስጥ በሚሸጥ የታሸገ ውሃ፣ በ1 ሊትር በአማካይ 240,000 ገደማ የፕላስቲክ ቅንጣት ቆጥረዋል።

ደስ የሚለው፣ አንዱ መፍትሔ ከማንቆርቆሪያ አይርቅም። በዚያው ዓመት የቻይና ተመራማሪዎች ካልሲየም የበዛበትን ውሃ አፍልተው ሲያጣሩት እስከ 90 በመቶ የሚሆነው ፕላስቲክ ተወገደ። ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት ነው ሥራውን የሚሠራው። ሲፈላ ቅንጣቶቹን እየለበሰ ይዟቸው ይዘቅጣል። ካልሲየም ባነሰበት ውሃ ውጤቱ ወደ 25 በመቶ ይወርዳል። የጉድጓድ ውሃ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከግድብ ውሃ ይልቅ ማዕድን ይበዛበታል። 5 ደቂቃ አፍልቶ ማቀዝቀዝ፣ አተላውን ሳይነኩ ቀስ ብሎ መገልበጥ፣ ከዚያ በወረቀት ማጣሪያ ማሳለፍ ነው። እሱ ከሌለ ደጋግሞ የታጠፈ ንጹሕ የጥጥ ነጠላም ትልልቁን ያስቀራል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 እንዳለው ከፕላስቲኩ ይልቅ ጀርሙ ይቀድማል፤ ክሎሪኑ መቅረት የለበትም።

አቅም ላለው የሴራሚክ ማጣሪያ አለ። ቀዳዳው ከሁሉ የሚጠበው አርኦ (RO) የሚባለው፣ ውሃን በግፊት በስስ ገለፈት የሚያሳልፈው ማጣሪያ ነው፤ ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ ከሚያጣራው የሚበልጥ ውሃ ይጥላል። ውሃ በፈረቃ ለሚያገኝ ቤት ይህ ከባድ ነው። የሚወጣውን በባልዲ እየያዙ ለሽንት ቤትና ለወለል ማዋል ግድ ይላል።