የካምቢዮ ገጠማ በጎንደር

ካምቢዮ የሞተሩን ጉልበት እንደ መንገዱ ጠባይ እየለዋወጠ ወደ ጎማ የሚያደርስ የመኪና ክፍል ነው። ስሙ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፤ ፍሪሲዮንም (ሞተርንና ካምቢዮን የሚያገናኘውና የሚያላቅቀው)፣ ማርሽም፣ ኩሽኔታም (ዘንግ ያለ ፍትጊያ እንዲዞር የሚይዘው ቀለበት) እንደዚያው። ጣሊያን ኅዳር 1934 ዓ.ም. ጎንደር ላይ እጁን ሰጠ፤ ፒያሳና የጋራዥ ቋንቋው ግን ቀሩ።

ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ያለች፣ ዳገትና ቁልቁለት የበዛባት ከተማ ናት። ወደ ሰሜን ደባርቅን ያለፈ መኪና ሊማሊሞን ይወርዳል፤ በአዘዞ በኩል የወጣ ደግሞ መተማ ቆላ ይገባል። ዳገት ላይ መኪናን በፍሪሲዮን ይዞ መቆም ሸራውን፣ ማለት የፍሪሲዮኑን ክብ ሰሌዳ፣ ቶሎ ይበላዋል፤ ሸራ ለመለወጥ ደግሞ ካምቢዮ መውረዱ አይቀርም።

ከሁሉ በፊት የባትሪው ኔጌቲቭ ይነቀላል፣ ጎማው ታኮ ይደረግለታል። በክሪክ ብቻ ከተያዘ መኪና ሥር አይገባም። ብሎኬትም አይታመንም፤ ሳያስጠነቅቅ ይፈረካከሳል።

ብዙ ካምቢዮ ሲገጠም የሚበላሸው መጨረሻዋ ጣት ስፋት ላይ ነው። የካምቢዮው የፊተኛው ዘንግ የሚገባው ሸራው ልክ መሃል ላይ ሲቀመጥ ነው። ሜካኒኩ ካርቶን ላይ በጀርባው ተኝቶ ካምቢዮውን ወደ ላይ ሲገፋ፣ ረዳቱ ማርሽ አስገብቶ የኋላውን ዘንግ በእጁ ቀስ እያለ ያዞራል። ጥርስ ከጥርስ ሲገናኝ ካምቢዮው ሸርተት ብሎ ከሞተሩ ጋር አፍ ለአፍ ይገጥማል። አልገባ ሲል በብሎን መሳብ የሚቀናው አለ። ብሎን ለመያዝ እንጂ ለመጎተት አልተሠራም፤ በግድ ሲጠብቅ የካምቢዮው አልሙኒየም ጆሮ ይሰነጠቃል። ክብደቱን ዘንጉ ላይ አንጠልጥሎ ማረፍም ሸራውን ያጣምማል። ጥርሱ ላይ የሚቀባው ግራሶ ስስ ይሁን፤ ከበዛ ሸራው ላይ ተረጭቶ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል።

አውቶማቲክ ላይ ቶርክ ኮንቨርተሩ (በፍሪሲዮን ፈንታ ጉልበቱን በዘይት የሚያስተላልፈው) አስቀድሞ ካምቢዮው ውስጥ እየተሽከረከረ እስከ መጨረሻው ይገባል። ካምቢዮው ከሞተሩ ጋር ከገጠመ በኋላ ኮንቨርተሩ በእጅ መዞር አለበት። ካልዞረ ሥራው ይቁም፤ በግድ ከታሰረ የዘይት ፓምፑ ይሰበራል።

ካምቢዮው ወርዶ ሳለ የፍሪሲዮን ኩሽኔታንና የሞተሩን የኋላ ዘይት መከላከያ ጎማ አለመለወጥ የሐሰት ቁጠባ ነው፤ ጎማው ዋጋው ትንሽ፣ ድጋሚ ማውረዱ ግን ሙሉ ቀን ነው። ከአዲስ አበባው የመኪና ዕቃ ገበያ ከሶማሌ ተራ የመጣ አሮጌ ካምቢዮ ከሆነ ቁጥሩ ከወረደው ጋር ይመሳከር።

ሞተር ሳይነሳ ዘይት ይሞላል። ጂኤል-4 የተባለው የካምቢዮ ዘይት ደረጃ የታዘዘለት ካምቢዮ ላይ ጂኤል-5 መጨመር አይመከርም፤ አንዳንዱ ጂኤል-5 ማርሽ ሲገባ ፍጥነት የሚያስማሙትን የነሐስ ቀለበቶች ሊጎዳ ይችላል። መጠኑ የሚለካው ሜዳ ላይ ነው፤ ጎንደር ውስጥ ሜዳ ፍለጋው ራሱ ሥራ ነው። ተዳፋት ላይ የቆመ መኪና ሳይሞላ የሞላ፣ ሳይጎድል የጎደለ ይመስላል።