ስለ ባቡር ቲኬት የምናምናቸው ስህተቶችና እውነታው

ብሪታንያ ውስጥ በባቡር ወደ ሥራ የሚመላለሱ ሁለት ሐበሾች ከተገናኙ ወሬው ብዙም ሳይቆይ ቲኬት ላይ ያርፋል። «ተወደደ እኮ!» ይባላል። እውነት ነው፣ ውድ ነው። ግን ከውድነቱ ሌላ ኪስ የሚያራቁት ነገር አለ፤ ስለ ቲኬቱ ከሰው ሰው የሚዞረው የተሳሳተ ወሬ። አንዱ የማይጠቀምበትን ይገዛል፣ ሌላው የሚገባውን ገንዘብ ሳይጠይቅ ይቀራል። እኔ ራሴ ከሚከተሉት ውስጥ ሦስቱን ለዓመታት አምኜ ኖሬያለሁ። የትኞቹን እንደሆነ አልናገርም።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። የማወራው አገር አቋራጩንና ከከተማ ዳርቻ የሚመጣውን የናሽናል ሬይል ባቡር ነው። የለንደኑ የምድር ውስጥ ባቡር የራሱ ሕግ አለው።

«ሲዝን ቲኬት ሁሌም ይረክሳል»

ሲዝን ቲኬት በሁለት ጣቢያዎች መሐል ለተወሰነ ጊዜ የሚያመላልስ ቲኬት ነው፤ በሳምንት፣ በወር ወይም በዓመት ይገዛል። ከጀርባው ያለው ቁልፍ ቁጥር 40 ነው። የዓመቱ ዋጋ የሳምንቱ 40 እጥፍ ነው። የወሩ ደግሞ የሳምንቱ 3.84 እጥፍ። እንግዲህ ዓመቱ 52 ሳምንት ስለሆነ የዓመቱን የገዛ ሰው 12 ሳምንት በነፃ እንደሄደ ይቆጠራል። ጥሩ ነው፣ በየቀኑ የሚሄድ ከሆነ።

ለስሌት እንዲቀል የዓመት ቲኬታችሁ 4,000 ፓውንድ ነው እንበል። በሳምንት አምስት ቀን የሚሠራ ሰው ዕረፍቱና በዓሉ ተቀንሶ በዓመት 230 ቀን ገደማ ይመላለሳል። በቀን 17 ፓውንድ ከ39 ሳንቲም ደረሰበት ማለት ነው። በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ቢሮ የሚገባው ግን 90 ቀን ያህል ነው የሚሄደው። ለእሱ አንዱ ቀን 44 ፓውንድ ከ44 ሳንቲም ሆነ። ቲኬቱ ያው ነው፣ ሰውየው ነው የተለየው። ስለዚህ የዓመቱን ዋጋ በእውነት በምትሄዱበት ቀን አካፍሉና ከዕለቱ ደርሶ መልስ ጋር አስተያዩት። በምታስቡት ቀን ሳይሆን በምትሄዱበት ቀን። ጥር ላይ ሁሉም ሰው ጎበዝ ሠራተኛ ነው።

«በሳምንት ሁለትና ሦስት ቀን ለሚሄድ ፍሌክሲ አለለት»

አለ። ከ2021 ሰኔ ወር ጀምሮ ፍሌክሲ ሲዝን የሚባል ቲኬት ይሸጣል። በ28 ቀን ውስጥ የምትጠቀሙባቸው 8 የጉዞ ቀኖች ይሰጣችኋል። ችግሩ ሁለት ነው። ሳይጠቀሙባቸው 28ኛው ቀን ያለፈባቸው ቀኖች ይቃጠላሉ፣ ወደሚቀጥለው አይተላለፉም። ሌላው ደግሞ፣ ሥራችሁ አርፍዶ የሚጀምር ከሆነና ሰው ከሚጋፋበት ሰዓት በኋላ መሳፈር ከቻላችሁ፣ ተራው የኦፍ ፒክ ደርሶ መልስ ሊረክስ ይችላል። ስሙ «ፍሌክሲ» ስለሆነ ብቻ አትግዙት።

«ሲዝን ቲኬት ለሥራ ጉዞ ብቻ ነው»

አይደለም። ቅዳሜም እሁድም ይሠራል። በቀን የፈለጋችሁትን ያህል መመላለስ፣ በመስመሩ መሐል ባሉ ጣቢያዎችም መውረድና መሳፈር ትችላላችሁ። ለንደንና ደቡብ ምሥራቁን በሚሸፍነው አካባቢ የዓመት ቲኬት የገዛ ሰው ጎልድ ካርድም ያገኛል፤ ከጠዋቱ ግፊያ ውጭ በሌሎች ጉዞዎች ላይ ሲሶ ዋጋ ይቀነስለታል፣ አብረውት ለሚሄዱትም ጭምር። ይህን ካርድ ቦርሳው ውስጥ ይዞ ለቤተሰቡ ሙሉ ዋጋ የሚከፍል ሰው ስንት አለ መሰላችሁ።

«ግማሽ ዓመት ከተጠቀምኩ ግማሹ ይመለስልኛል»

ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው፣ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

ሲዝን ቲኬት ሲመለስ ሒሳቡ በቀረው ጊዜ አይሠራም። ኩባንያው የሚጠይቀው «እስካሁን የተጓዝክበትን ጊዜ በወርና በሳምንት ቲኬት ብትገዛው ኖሮ ስንት ታወጣ ነበር?» ብሎ ነው። ያንን ከከፈላችሁት ላይ ይቀንሳል። የተረፈውን ይሰጣችኋል፣ አነስተኛ የአገልግሎት ክፍያ ተቀንሶ።

ወደ 4,000 ፓውንዱ እንመለስ። የሳምንቱ 100፣ የወሩ 384 ፓውንድ ነው። ስድስት ወር ከተጠቀማችሁ የተበላው 2,304 ነው። የሚመለሰው 1,696 እንጂ 2,000 አይደለም። በዘጠነኛው ወር መጨረሻ 544 ይቀራል። በአሥረኛው 160። ከዚያ ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ ዜሮ። ቲኬቱ ላይ ገና ሰባት ሳምንት ገደማ እየቀረ ገንዘቡ አልቋል። ያቺ የ40 ሳምንት ቁጥር እንዲህ ናት፤ ስትገዙ 12 ሳምንት ትሰጣለች፣ ስትመልሱ መልሳ ትወስዳለች።

ሌላም አለ። ሒሳቡ የሚቆመው ለመጨረሻ ጊዜ በተሳፈራችሁበት ቀን ሳይሆን ቲኬቱን በመለሳችሁበት ወይም ተመላሹን በጠየቃችሁበት ቀን ነው፤ መደበኛው አሠራር ይህ ነው። አንድ የማውቀው ሰው አሥረኛው ወር ላይ ሥራ ቀየረ። ቲኬቱን «ነገ ዛሬ እመልሰዋለሁ» እያለ ሦስት ሳምንት መሳቢያ ውስጥ አስቀመጠው። ሲሄድ የጠበቀው ነገር ቢኖር የሠራተኛዋ የሐዘኔታ ፈገግታ ነበር።

«የዘገየው በአየር ጠባይ ነው፣ ማን ይከፍለኛል?»

ዲሌይ ሪፔይ የሚባለው ካሳ ምክንያት አይጠይቅም። በረዶ ይሁን፣ የሐዲዱ ምልክት መብራት ይበላሽ፣ ሹፌር ይጥፋ፣ የሚታየው ስንት ደቂቃ እንደዘገያችሁ ነው። አብዛኞቹ ኩባንያዎች ከ15 ደቂቃ ይጀምራሉ፣ ከ30 የሚጀምሩም አሉ። ከ15 እስከ 29 ደቂቃ ከሆነ የአንድ መንገዱ ዋጋ 25 በመቶ፣ ከ30 እስከ 59 ከሆነ 50 በመቶ፣ ከአንድ ሰዓት ካለፈ ሙሉው ይመለሳል። ከሁለት ሰዓት በላይ ከዘገየ የደርሶ መልሱ ሙሉ ዋጋ ነው። ማመልከቻው በ28 ቀን ውስጥ መግባት አለበት። ገንዘቡን በባንክ መቀበል ትችላላችሁ፣ ቫውቸር ውሰዱ ቢሏችሁም መምረጥ የእናንተ ነው።

በአድማ ቀን ግን አንድ ማስጠንቀቂያ። ቀድሞ የወጣ ልዩ የጊዜ ሰሌዳ ካለ መዘግየቱ የሚለካው በእሱ ነው፣ በተለመደው አይደለም።

«ባቡሩ አሥር ደቂቃ ብቻ ነው የዘገየው»

የሚቆጠረው መጨረሻ ላይ የደረሳችሁበት ሰዓት ነው። የመጀመሪያው ባቡር አሥር ደቂቃ ዘግይቶ ሁለተኛው ካመለጣችሁና ቤት አቅራቢያ ያለው ጣቢያ 35 ደቂቃ አርፍዳችሁ ከደረሳችሁ፣ የዘገያችሁት 35 ደቂቃ ነው። በዚያ ጠይቁ።

«ሲዝን ቲኬት ያለው ሰው ካሳ አይጠይቅም»

ይጠይቃል። የዓመት ቲኬት ዋጋ ለ464 ተካፍሎ የአንድ መንገድ ዋጋ ይወጣለታል። የወሩ ለ40፣ የሳምንቱ ለ10። በ4,000 ፓውንዱ ቲኬት አንድ መንገድ 8 ፓውንድ ከ62 ሳንቲም ነው። የ20 ደቂቃ መዘግየት እንግዲህ ሁለት ፓውንድ ከምናምን ያስገኛል። «ለሁለት ፓውንድ ማን ፎርም ይሞላል?» ትሉ ይሆናል። እኔም እል ነበር። ይኸው፣ አልናገርም ካልኳቸው ሦስቱ አንዷ አመለጠችኝ። በሳምንት ሁለቴ የሚዘገይ መስመር ላይ ለ46 ሳምንት ብትጠይቁ ግን ወደ 200 ፓውንድ ይጠጋል። ፎርሙን አንዴ ከሞላችሁት ስልካችሁ ዝርዝሩን ያስታውሰዋል።

«አድቫንስ ቲኬት በምንም አይመለስም»

አድቫንስ ቀድሞ ለአንድ ለተወሰነ ባቡር የሚገዛ ቲኬት ነው። ሐሳባችሁን ከቀየራችሁ፣ አዎ፣ አይመለስም። ባቡሩ ከተሰረዘ ወይም ከዘገየና በዚያ ምክንያት ላለመሄድ ከወሰናችሁ ግን ሙሉ ገንዘባችሁ ያለ ምንም ቅነሳ ይመለሳል። ሁለቱን አታምታቱ።

«አንዱን ጉዞ በሁለት ቲኬት ከፋፍሎ መሄድ ማጭበርበር ነው»

ሕጋዊ ነው። ከሀ ወደ ለ አንድ፣ ከለ ወደ ሐ ሌላ ቲኬት ገዝታችሁ በአንድ ባቡር መሄድ ትችላላችሁ፣ ባቡሩ ለ ላይ እስከቆመ ድረስ። መውረድ አያስፈልግም። ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ አለ፤ ከሁለቱ አንዱ ሲዝን ቲኬት ሌላው ተራ ቲኬት ከሆነ ባቡሩ ለ ላይ መቆሙ ራሱ ግዴታ አይደለም። ከሲዝን ቲኬታችሁ አልፋችሁ ዘመድ ጥየቃ ስትሄዱ የምትከፍሉት ካለቀበት ጣቢያ ወዲያ ያለውን ብቻ ነው።

«የዓመቱን በአንዴ የሚከፍል ሀብታም ብቻ ነው»

ብዙ መሥሪያ ቤቶች ለሲዝን ቲኬት ያለ ወለድ ያበድራሉ፣ ከየወሩ ደሞዝ እየቆረጡ። ከቀጣሪው የተበደራችሁት በጠቅላላ ከ10,000 ፓውንድ እስካልበለጠ ድረስ ታክስ አይነካውም። ሠራተኛ አስተዳደርን ጠይቁ፣ ሳይጠየቁ የሚነግሩ ጥቂት ናቸው።

ብድሩ ግን በ12 ወር እኩል ነው የሚቆረጠው፣ ተመላሹ በ40 ሳምንት ሒሳብ። የ4,000 ፓውንዱን ቲኬት በብድር ገዝታችሁ ዘጠኝ ወር ሠርታችሁ ብትለቁ፣ ያልተከፈለው ብድር 1,000 ፓውንድ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜም ከመጨረሻው ደሞዝ ላይ ይነሳል። ቲኬቱን ስትመልሱ የምታገኙት 544 ነው። ልዩነቷ 456 ፓውንድ፣ የሥራ መልቀቂያ ደብዳቤውን ከመጻፋችሁ በፊት መታወቅ አለባት።