ኩፕረስ ኦክሳይድ ፎቶካታሊስት ምንድን ነው?

ፎቶካታሊስት ብርሃን ውጦ በዚያ ጉልበት ኬሚካዊ ለውጥ የሚያስኬድ ቁስ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድን ለመለወጥ ከሚሞከሩት የመዳብ ውህዶች አንዱ ኩፕረስ ኦክሳይድ ነው። በትምህርት ቤት የቤኔዲክትን ምርመራ የሠራ ሰው አይቶታል፤ ግሉኮስ ሲኖር የሚዘቅጠው ጡብማ ቀይ ዱቄት እሱ ነው።

ቀይ የሆነው ሰማያዊና አረንጓዴ ብርሃን ስለሚውጥ ነው። በዘርፉ የቆየው ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ግን ነጭ ነው። የኃይል ክፍተቱ (ኤሌክትሮን ለማንሣት የሚያስፈልገው ትንሹ ጉልበት) 3.2 ኤሌክትሮን ቮልት ስለሆነ የሚሠራው ከ387 ናኖሜትር በታች ባለው አልትራቫዮሌት ብቻ ነው፤ ያ ደግሞ ከፀሐይ ጉልበት 5 በመቶ ገደማ ነው። የኩፕረስ ኦክሳይድ ክፍተት ወደ 2 ኤሌክትሮን ቮልት ስለሚጠጋ እስከ 600 ናኖሜትር አካባቢ ያለው ብርሃን ይበቃዋል።

ብርሃን ሲያርፍበት ኤሌክትሮን ተነሥቶ በቦታው «ሆል» የሚባል ባዶ ስፍራ ይተዋል። ካርቦን ዳይኦክሳይድን የሚለውጡት እነዚህ ኤሌክትሮኖች ናቸው፤ ለካርቦን ሞኖክሳይድ 2፣ ለሜታኖል 6፣ ለሜቴን 8 ኤሌክትሮኖች ያስፈልጋሉ። በ2019 በአሜሪካ የአርጎን ብሔራዊ ላቦራቶሪ ተመራማሪዎች ከቅንጣቱ ገጾች አንዱ ሜታኖል ሲሠራ ሌላው ዝም እንደሚል አሳይተዋል። ስለዚህ ቅርጹም ይቆጠራል።

ዱቄቱን ማዘጋጀት ቀላል ነው። 1.25 ግራም ሰማያዊ ኮፐር ሰልፌት በ100 ሚሊ ሊትር ውኃ ይሟሟል። እየተማሰለ በጥቂት ውኃ የሟሟ 0.5 ግራም ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ጠብ ጠብ ይደረግበታል (ቆዳና ዓይን ያቃጥላል፣ ጓንትና መነጽር ግድ ነው)። ሰማያዊ ዝቃጭ ሲታይ 0.44 ግራም አስኮርቢክ አሲድ (ቫይታሚን ሲ) በውኃ ሟሙቶ ቀስ ብሎ ይጨመራል፤ ይህ መጠን ከመዳቡ ሞል ግማሽ ነው። ከዚያ በላይ ከበዛ ዝቃጩ ወደ ንጹሕ መዳብ ሊወርድ ይችላል። ዝቃጩ በውኃ፣ ቀጥሎ በኤታኖል ታጥቦ በ60 ዲግሪ ሴልሺየስ በቫኪዩም ይደርቃል። ቢበዛ 0.36 ግራም ይገኛል። አየር ባለበት በከፍተኛ ሙቀት ከደረቀ ጠቁሮ ኩፕሪክ ኦክሳይድ (ኦክሲጅን የበዛበት ሌላው የመዳብ ኦክሳይድ) ይሆናል።

ዋናው ችግር የሚሠራበት ብርሃን ራሱ ቁሱን መብላቱ ነው። ኤሌክትሮኖቹ ወደ ንጹሕ መዳብ ይመልሱታል፤ ሆሎቹ ወደ ኩፕሪክ ኦክሳይድ ይወስዱታል። ሆሎቹ ውኃን ወደ ኦክሲጅን ከመለወጥ ይልቅ ይህ ይቀላቸዋል። ከተንግስተን ኦክሳይድ ወይም ከቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ጋር ማጣመር ከሌላው ቁስ የሚመጡ ኤሌክትሮኖች ሆሎቹን እንዲሞሉ ሲያደርግ ይረዳል። ብዙዎች ግን ኤሌክትሮን የሚሰጥ ትራይኢታኖልአሚን የተባለ ኬሚካል ጨምረው ሆሎቹን ያጠፋሉ። ውጤቱ ያምራል፤ የሚቃጠለው ግን የተጨመረው ኬሚካል ነው፣ በዚያ ላይ እሱም ካርቦን አለበት።

ስለዚህ በማይክሮሞል የሚለካ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሲገኝ ለማመን አይቸኮልም። ምንጩ በደንብ ያልታጠበ አስኮርቢክ አሲድ ሊሆን ይችላል። ያለ ብርሃን፣ ያለ ካታሊስት እንዲሁም በካርቦን ዳይኦክሳይድ ፋንታ በአርጎን ጋዝ መሞከር ያስፈልጋል። ወሳኙ ምርመራ ካርቦን 13 (ከተራው የከበደ ካርቦን) ባለበት ካርቦን ዳይኦክሳይድ መሞከር ነው፤ የሞለኪውልን ክብደት በሚለየው ማስ ስፔክትሮሜትር የካርቦን ሞኖክሳይዱ ምልክት ከ28 ወደ 29 መሻገር አለበት። 28 ላይ ከአየር የገባ ናይትሮጅንም ስለሚታይ ያ ቁጥር ብቻውን አያስተማምንም። መብራቱ ላይ ከ420 ናኖሜትር በታች ያለውን ብርሃን የሚያስቀር ማጣሪያ ካልተደረገ ደግሞ «በሚታይ ብርሃን» ማለት አይቻልም። ከሙከራው በኋላ ዱቄቱ የክሪስታሉን ዓይነት በሚለየው በኤክስሬይ ዲፍራክሽን ይታይ፦ በ36.4 ዲግሪ ያለው የኩፕረስ ኦክሳይድ ጫፍ ቀንሶ በ43.3 የንጹሕ መዳብ ጫፍ ከወጣ፣ ካታሊስቱ ራሱ ተለውጧል ማለት ነው።