ፒክልቦል፦ «ኩሽና ገባህ!» ብላችሁ ከመጮኻችሁ በፊት

ቅዳሜ ከሰዓት ኮምቦልቻ ውስጥ ሲሚንቶ ሜዳ ላይ በጠመኔ አስምረን ፒክልቦል እንጫወታለን። የሐረጎን ቁልቁለት ወርደው ከደሴ የሚመጡ ጓደኞችም አሉን፤ እዚያ ደልዳላ ቦታ ማግኘት ቀላል አይደለም። መጫወቻው ራኬትና ቀዳዳ ቀዳዳ ያላት የፕላስቲክ ኳስ ነው። የሚያከራክረን ሁሌም ኩሽና ነው። ከመረቡ ወዲህና ወዲያ 2.13 ሜትር ድረስ ያለውን ቦታ ተጫዋቾች እንዲህ ይሉታል።

«ኩሽና ውስጥ መቆም ክልክል ነው»

አይደለም። እስኪበቃህ ቁም። የተከለከለው እዚያ ሆነህ ኳሷን ሳትነጥር ከአየር መምታት ነው። ከነጠረች ገብተህ ምታት። እንዲያውም ተጋጣሚህ አጭር ኳስ መረቡ ሥር ሲጥልልህ መግባት ግድ ነው። ብዙ ጀማሪ ፈርቶ ከመስመሩ ውጭ ሲንጠራራ ሳይ ያሳዝነኛል።

ቮሊቦል የለመድን ሰዎች እዚህ ላይ እንቸገራለን። መረብ ስናይ ዘለን ወደ ታች መምታት ያምረናል። ግን ሕጉ ባይኖር ረጅሙ ሰው መረቡ ላይ ተለጥፎ የመጣውን ሁሉ ይደፋው ነበር። አጭሩም፣ ልጁም፣ አዛውንቱም እኩል የሚጫወቱት በዚህ ሕግ ምክንያት ነው። እኔ ጨዋታውን የወደድኩት ለዚህ ነው።

«ከመታሁ በኋላ ብገባ ምን ችግር አለው?»

አለው። ኳሷን ከአየር መትተህ ግስጋሴህ ገፍቶ ኩሽና ካስገባህ ጥፋት ነው። ኳሷ ቀድማ ብትሞትም፣ ማለትም ምልልሱ ቀድሞ ቢያበቃም፣ ለውጥ የለውም። በምቱ ምክንያት ኮፍያህ እዚያ ቢወድቅ እንኳ ያው ነው።

«ስመታ እኮ አየር ላይ ነበርኩ!»

ከየት ተነሥተህ ዘለልክ? ከኩሽና ከሆነ አይቆጠርልህም። ከአየር ለመምታት መጀመሪያ ሁለቱም እግሮችህ ውጭውን መሬት መርገጥ አለባቸው። ራኬትህ ግን ከኩሽናው በላይ ቢያልፍ ምንም አይደለም። ክልሉ መሬቱ ብቻ ነው።

«መስመሩን ብቻ ነው የነካሁት»

መስመሩም ኩሽና ነው። ሰርቭ (የማስጀመሪያውን ምት) ስትመታም ኳሷ የኩሽናው መስመር ላይ ካረፈች ጥፋት ነው፤ ሌሎቹ መስመሮች ላይ ካረፈች ግን ትክክል ናት። እኛ ይህን መስመር በቀይ ጠመኔ ማስመር ከጀመርን ወዲህ ጭቅጭቁ ቀንሷል።