ሰው በምን ይሄዳል? የጉዞ ምርጫን አስቀድሞ ማስላት

አዲስ የባቡር መስመር ከመሠራቱ በፊት መመለስ ያለበት ጥያቄ አለ። ስንት ሰው ይሳፈርበታል? ግምቱ ከተጋነነ ብዙ ገንዘብ ባዶ ፉርጎ ላይ ይፈስሳል። ካነሰ ደግሞ ሕዝቡ ሲጋፋ ይኖራል። በዚህ ረገድ በጣም የሚታወቀው ታሪክ የሳን ፍራንሲስኮና አካባቢው ባቡር፣ የባርት ታሪክ ነው። (ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ከዚያ በፊት የነበረው ዋናው ዘዴ ከተማን በዞን ከፍሎ ከዞን ዞን ስንት ጉዞ እንደሚደረግ መቁጠር ነበር። ያለውን ለመግለጽ ጥሩ ነው። ገና ላልተፈጠረ መጓጓዣ ግን ብዙም አይረዳም፤ የሚቆጠር ተሳፋሪ የለማ!

በርክሊ ባለው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ኢኮኖሚስት ዳንኤል ማክፋደን ከዞን ይልቅ ሰውን ተመለከተ። ባርት በ1972 ሥራ ሲጀምር እሱና ባልደረቦቹ አስቀድመው የ771 ተመላላሽ ሠራተኞችን የጉዞ መረጃ ይዘው ነበር። ማን ብቻውን መኪና ይነዳል? ማን ከሌላ ሰው ጋር ይጋራል? ማን አውቶቡስ ይይዛል? እያንዳንዱ አማራጭ ስንት ደቂቃና ስንት ብር ይፈጃል?

ስሌቱ ሲታይ ያን ያህል አያስፈራም። ለእያንዳንዱ አማራጭ ከዋጋው፣ ከጉዞው ጊዜ፣ ከእግር መንገዱና መጓጓዣ ከሚጠበቅበት ጊዜ ተነስቶ ነጥብ ይሰጠዋል። አጥኚው የማያየው የሰውየው የግል ምክንያትም እንደ አጋጣሚ ይታሰባል። ሎጂት የሚባለው ቀመር ነጥቦቹን እያንዳንዱ አማራጭ ወደሚመረጥበት ዕድል ይቀይራል። የትኛው ነገር ምን ያህል እንደሚከብድ የሚወሰነው ሰዎች በእርግጥ ካደረጉት ነው። የጊዜን ክብደት ለዋጋ ክብደት ብናካፍል ደግሞ ሰው አንድ ሰዓት ለማትረፍ ስንት ለመክፈል ፈቃደኛ እንደሆነ እናገኛለን። ለእኔ የዘዴው ትልቁ ስጦታ ይሄ ነው። ባርትም በዚህ ዓይን ሲታይ ፍጹም አዲስ ነገር አይደለም፤ የራሱ ዋጋ፣ የጉዞ ደቂቃና የመጠበቂያ ጊዜ ያለው አንድ ተጨማሪ አማራጭ ነው።

ይፋዊው ትንበያ ባርት ከሥራ ጉዞው 15 በመቶ ይወስዳል ብሎ ነበር። የማክፋደን ቡድን 6.3 በመቶ አለ። የሆነው 6.2 በመቶ ነው። ማክፋደን በ2000 ከጄምስ ሄክማን ጋር የኢኮኖሚክስ ኖቤል ተሸለመ።

ቁጥሩ ልብ ይሰርቃል፤ ቢሆንም ውስጡን ማየት ይገባል። ሞዴሉ ሰዎች እስከ ጣቢያው በእግር ለመሄድ ያላቸውን ፈቃደኝነት አጋንኖ ነበር። ስለዚህ ድምሩ ልክ ቢመጣም ዝርዝሩ ሁሉ ልክ ነበር ማለት አይደለም።

ሌላው የሞዴሉ ድክመት በቀይና በሰማያዊ አውቶቡስ ምሳሌ ይታወቃል። ግማሹ ሰው በመኪና፣ ግማሹ በቀይ አውቶቡስ ይሄዳል እንበል። ከቀለሙ በቀር አንድ የሆነ ሰማያዊ አውቶቡስ ሲጨመር ተራው ሎጂት ለሦስቱም ሲሶ ሲሶ ያድላል። ባለመኪናው ግን በቀለም ምክንያት መኪናውን አይተውም። ትክክለኛው መልስ መኪና ግማሽ፣ አውቶቡሶቹ ሩብ ሩብ ነው። ኔስትድ ሎጂት የሚባለው የተሻሻለ ቀመር ይህን ለማረም ተመሳሳይ አማራጮችን በአንድ ቡድን ያስቀምጣል። ሚክስድ ሎጂት የሚባለው ሌላው ደግሞ ጊዜ ለሁሉም ሰው እኩል ዋጋ እንደሌለው ይቀበላል።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎም ሞዴሉ የሚመገበው መረጃ ራሱ ግምት ነው። ከሃያ ዓመት በኋላ ነዋሪው ስንት ይሆናል? ሥራው የት ይሆናል? የቤንዚን ዋጋስ? እዚያ ላይ ከተሳሳትን የቀመሩ ጥራት አያድነንም።