ቀይ ስር ደም አይሆንም

ድሬዳዋ ቀፊራ ገበያም ይሁን ሐረር ሸዋ በር፣ ድካም የጸናባት ሴት የምትሰማው ምክር አንድ ነው፦ «አብሽሪ፣ ደም አንሶሽ ነው፤ ቀይ ስር ጨምቀሽ ጠጪ።» ይህ ምክር ስንቱን ከምርመራ አስቀርቷል! የቀይ ስር ቅላት ከማቅለሚያው እንጂ ከብረት የመጣ አይደለም። በ100 ግራም ውስጥ ያለው ብረት 0.8 ሚሊ ግራም ገደማ ነው፤ ከዚያም አንጀት የሚመጠው ጥቂቱን ነው። የወር አበባ የምታይ ሴት ደግሞ በቀን 18 ሚሊ ግራም ያስፈልጋታል። ያው 100 ግራም የበሰለ ምስር ከ3 ሚሊ ግራም በላይ አለው፤ ሎሚ ሲጨመቅበት ይበልጥ ይመጠጣል። ጉበት 6 ገደማ ይይዛል፤ ነፍሰ ጡር ግን አታብዛው።

በብረት እጥረት ደሙ ያነሰ ሰው ግን ክምችቱ ስላለቀ ምግብ ብቻውን አይበቃውም፤ ኪኒን ያስፈልገዋል። «ወሰድኩት፣ አልሠራልኝም» የሚሉ ብዙዎች የወሰዱት ከቁርስ ሻይ ጋር ነው። የተለመደው የብረት ኪኒን 60 ሚሊ ግራም ያህል ብረት አለው። ከምግብ 1 ሰዓት በፊት ወይም 2 ሰዓት በኋላ በውሃ ይዋጣል። ቡና፣ ሻይ፣ ወተትና የጨጓራ ማስታገሻ ይራቁት፤ የቡና ቅጠሉ ቁጢም እንደዚያው። ካቅለሸለሸ ከትንሽ ምግብ ጋር ይወሰድ፤ ቀን እየዘለሉ መውሰድ ይቻል እንደሆነም ባለሙያ ይጠየቅ። ሰገራ ቢጠቁር የኪኒኑ ነው፤ እንደ ሬንጅ ተጣብቆ ክፉኛ ከሸተተ ግን መድማት ሊሆን ስለሚችል ዛሬውኑ ሐኪም ይየው። በወሩ ሲሻል ማቆም ትልቁ ጥፋት ነው፤ የደም ልኩ ከተስተካከለ በኋላም ክምችቱ እስኪሞላ 3 ወር ያህል ይቀጥላል። ኪኒኑን ከልጆች አርቁ፤ ሕፃን ይገድላል።

«ጤፍ የሚበላ ደም አያንሰውም» ይባላል። የጤፍ ብረት ከፊሉ ከአውድማው አፈር የገባ ነው፤ እህሉ ውስጥ ያለው ፋይቴት የሚባል ንጥረ ነገር ደግሞ ብረቱን ይዞ እንዳይመጠጥ ያደርገዋል። በደንብ የቦካ ሊጥ ይሻላል።

ደም ማነስና የደም ግፊት መውረድም አንድ አይደሉም። ጨው መላስ ደም አይተካም።

«ግሉኮስ ይሰቀልልኝ» ለሚል፦ በ1 ሊትር ባለ 5 ፐርሰንት ግሉኮስ ውስጥ ያለው 50 ግራም ስኳር ነው፤ ብረት የለውም።

«የድሬ ሙቀት ነው» ብሎ መተውም አደጋ አለው። የሙቀት ድካም በምሽት ነፋስ ይቀላል። ተኝተው ተነሥተውም የማይለቅ፣ ትንሽ ዳገት ላይ ትንፋሽ የሚያሳጥርና ልብ የሚያስመታ፣ አፈር ወይም በረዶ የሚያሰኝ ድካም ምርመራ ይፈልጋል። ጫት ድካሙን ይሸፍነዋል፤ የምግብ ፍላጎትን ስለሚዘጋም ምሳው ሳይበላ ይቀራል።

የታችኛውን ዐይነ ቆብ ገልጦ ንጣቱን ማየት ፍንጭ እንጂ ማረጋገጫ አይሆንም። ሄሞግሎቢን (ደምን የሚያቀላውና ኦክስጅን የሚሸከመው) በዴሲሊትር ለሴት ከ12፣ ለነፍሰ ጡር ከ11፣ ለወንድ ከ13 ግራም በታች ከሆነ ደም ማነስ ነው፤ ሐረር ከፍታ ላይ ስለሆነች ይህ መለያ ቁጥር ትንሽ ከፍ ይላል። የሄሞግሎቢን ልኩ ደህና ሆኖ የብረት ክምችቱ ያለቀም አለ፤ ስለዚህ ክምችቱን የሚያሳየው የፌሪቲን ምርመራም ይጠየቅ። ወንድ ወይም የወር አበባዋ ያቆመ ሴት ከሆነች ብረቱን እየሰጡ መዝጋት አይገባም፦ የጨጓራ ቁስል፣ ኪንታሮት፣ የመንጠቆ ትል ወይም ሌላ ደም የሚያፈስ ነገር ይፈለግ። ድሬዳዋ ላይ ትኩሳት ከነበረ ወባም ይታይ።